ሰባት ከመቶ

«ምራቴን ከዳር አቁምልኝ። ልጅቷን ትቀፍ። ከፍ አድርጋ ካቀፈቻት ፊቷ ይሸፈናል፤ ማንም ልብ አይልም። ዘዴው ለአንተ አይጠፋህም፣ ባለሙያ አይደለህ እንዴ?»

ምራቲቱ ይህን የሰማችው ቅዳሜ ጧት ለሥራ ልትወጣ ኮሪደሩ ላይ ቆማ፣ አንድ እጇን ጃኬቷ ውስጥ አስገብታ ሌላውን እጅጌ ስትፈልግ ነበር። የሳሎኑ በር ገርበብ ብሏል። አማቷ ስልክ ሲያወሩ ድምፃቸውን ዝቅ ማድረግ አያውቁበትም፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በሰልፍ ለቆመ ተማሪ ሲናገሩ ኖረው፣ ጡረታ ከወጡ በኋላም የሚያናግሩት ሰው ሁሉ ከሜዳው ማዶ የቆመ ይመስላቸዋል። ሰፈሩ እትዬ ዳይሬክተር ይላቸዋል። ልጆቻቸውም ሲቀልዱ እንዲሁ ይሏቸዋል፤ እሳቸው ግን ቀልድ መሆኑን እስከ ዛሬ አላወቁም። ፎቶ አንሺው የድሮ ተማሪያቸው ነው። ልብስ ሰፊው፣ የባንክ ቤቱ ጥበቃ፣ የጥርስ ሐኪሙ፣ ሁሉም የድሮ ተማሪዎቻቸው ናቸው፤ ስለዚህ በዚህ ከተማ ለማንም ትእዛዝ ከመስጠታቸው በፊት የሚያመነቱበት ምክንያት አልነበረም።

እጅጌውን አገኘችው። «ደህና ዋሉ» ብላ ስታልፍ እትዬ ዳይሬክተር ስልኩን ደረታቸው ላይ ለጥፈው፣ ምንም እንዳልተባለ ሁሉ «ሙሽሪት፣ ቶሎ ነይ፤ ዛሬ ፎቶ አለብን» አሏት። ከተዳረች ስድስት ዓመቷ ነው። ያኔ ሙሽሪት ሲሏት የፍቅር ነበር ወይም መስሏት ነበር፤ አሁን ስሟን ለማወቅ ያልተቸገረ ሰው የሚጠራት መጠሪያ ሆኗል።

ፎቶው የመጣው በምስጋና ወረቀቱ ምክንያት ነው። ትምህርት ቤቱ እትዬ ዳይሬክተርን በጡረታ ካሰናበተ ከአራት ዓመት በኋላ አንድ ቀን ትዝ ብሎት፣ በወርቃማ ፍሬም የታሰረ ሰፊ ወረቀት ላከላቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱ ተናወጠ። መጋረጃው ታጠበ፤ የሶፋው ልብስ ተለወጠ፤ ከቴሌቪዥኑ በላይ የነበረው የቀን መቁጠሪያ ወርዶ በምትኩ ሁለት ትልልቅ ምስማሮች ተመቱ። ቤተሰቡ ወረቀቱን ከብቦ ይነሣል፤ ፎቶው በትልቁ ይታጠባል፤ እዚያ ይሰቀላል። ምስማሮቹ ከተመቱ ሁለት ሳምንት ሆኗቸዋል። ማታ ማታ ቤተሰቡ ቴሌቪዥን የሚያይ መስሎ የሚያየው ምስማሮቹን ነበር። ፎቶው እስከ ዛሬ የዘገየውም፣ ማንም ፊት ለፊት ባይናገረውም፣ በምራቲቱ ፊት ምክንያት ነው።

ማዲያት ነው። ሁለቱ ጉንጮቿ ላይና ከላይኛው ከንፈሯ በላይ፣ ሻይ ፈሶበት በደንብ ያልታጠበ ጨርቅ የመሰለ ጥላ። ከሁለተኛው እርግዝናዋ ጋር የመጣ ነው። የመጀመሪያው በአምስተኛ ወሩ ሄደ፤ እሱ ፊቷ ላይ ምንም አልተወም። እትዬ ዳይሬክተር ልጅቷ ከተወለደች በኋላ ጥላውን ለመጀመሪያ ጊዜ ልብ ያሉ ዕለት «ፊትሽን ታጠቢ እንጂ ሙሽሪት» ብለዋት ነበር። ታጥባ መጣች። አሁንም እንዳለ ሲያዩት «እንግዲህ ምን ይደረጋል» አሉና ፊታቸውን ወደ ልጅቷ መለሱ፤ ልጅቷ ላይም ይኖር እንደሆነ ለማየት።

የቆዳ ሐኪሟ ያዘዘችላት ጠርሙስ አውራ ጣት ታክላለች። የቆዳውን የላይኛውን፣ የሞተውን ንጣፍ ቀስ አድርጎ የሚያነሣ አሲድ ነው፤ ኃይሉ ሰባት ከመቶ። አንድ ቀን እየዘለሉ ማታ ማታ፣ ፊት ታጥቦ ከደረቀ በኋላ ጥቂት ጠብታ። ጧት የፀሐይ መከላከያ ቅባት። ሦስት ወር። ምራቲቱ የከተማው ውሃ ላቦራቶሪ ቴክኒሻን ናት፤ ከአሲድ ጋር ውላ የምትገባ ሴት ስለሆነች ትእዛዙ አልከበዳትም። የሥራ ደብተሯን ዓይነት አንድ ደብተር ገዝታ ቀን በቀን ትጽፋለች። አምስተኛ ሳምንቷ ላይ ናት። የግራ ጉንጯ ጥላ ከጠርዙ መሳሳት ጀምሯል፤ ይህን ያየችው ግን እሷ ብቻ ናት።

ባለፈው እሑድ የባሏ ታላቅ እህት ይህቺን ጠርሙስ ከመታጠቢያ ቤቱ መደርደሪያ አንሥታ፣ በሁለት ጣቶቿ እንደ ሞተ አይጥ ይዛ ሳሎን ገባች። ሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ ታስተምራለች። ምራቲቱ በልቧ ሒሳቧ ትላታለች።

«ሰባት?» አለች ሒሳቧ መነጽሯን ከፍ አድርጋ። «ሰባት ከመቶ? እኔ ክፍል ሰባት ያመጣ ልጅ ወላጁን ይዞ ነው የሚመጣው!»

ሳሎኑ ሳቀ። ባሏም ሳቀ፤ አጭር፣ ሳል የምትመስል ሳቅ፣ ሲጠየቅ አልሳቅኩም ለማለት የምትመች።

«እሱ እኮ የአሲዱ መጠን ነው፤ ውጤት አይደለም» አለች ምራቲቱ።

«መጠንም በይው ሌላ፣ ሰባት ሰባት ነው። ስንት ጊዜ ይፈጃል አለችሽ ሐኪሟ?»

«ሦስት ወር።»

«ሦስት ወር!» አሉ እትዬ ዳይሬክተር። «እኔ በሦስት ወር አንድ ትምህርት ቤት ለውጫለሁ።»

ረቡዕ ዕለት ሒሳቧ ሌላ ጠርሙስ ይዛ መጣች። ከውጭ የሚመጣ ዕቃ በስልክ ከምትሸጥ አንዲት ሴት የገዛችው ነው፤ ዋጋውን ማንም ሳይጠይቃት ሁለት ጊዜ ተናገረች። ጠርሙሱ ላይ በትልቁ ሰባ የሚል ቁጥር አለ። «ይኼ በማዕረግ ያለፈ ነው» አለች። «ለፎቶው ይደርሳል።» ምራቲቱ ከቁጥሩ ሥር ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ አነበበች። ሐኪም ቤት ውስጥ በባለሙያ እጅ ለደቂቃዎች ብቻ ተቀብቶ ወዲያው የሚታጠብ ነው። አመሰገነች። ክፍሏ ገብታ ላቦራቶሪ ውስጥ በምትጠቀምበት ቀይ ቀለም ጠርሙሱ ላይ «አይነካ» ብላ ጻፈችበት፤ ቁም ሣጥኑ አናት ላይ፣ ከሻንጣው ጀርባ አስቀመጠችው። ልትደፋው አስባ ነበር። ግን የከተማውን ውሃ የሚመረምር ሰው በገዛ እጁ አሲድ ወደ ቱቦ አይደፋም፤ ሥራ ቦታ ወስዳ እንደ ደንቡ ልታስወግደው ወሰነች። ሐሙስ ረሳችው። ዓርብም ረሳችው።

ቅዳሜ ላቦራቶሪው ግማሽ ቀን ይሠራል። ግድግዳው ነጭ ሸክላ የለበሰ፣ መስኮቱ ወደ ማጠራቀሚያ ገንዳው የሚያይ ረጅም ክፍል ነው፤ ጧት ጧት ከከተማው አሥራ ስድስት ቦታ የተቀዳ ውሃ በአሥራ ስድስት ጠርሙስ ተሰልፎ ይጠብቃታል። አጠገቧ የምትሠራው ሴት ዕድሜዋ ለጡረታ የተጠጋ ነው፤ ጠብታ ነው የሚሏት፣ ቀኑን ሙሉ ጠብታ ስለምትቆጥር።

«ምን ሆነሽ ነው ዛሬ ብርጭቆውን እንዲህ የምትወረውሪው?»

«ፎቶ አለብን።»

«ፎቶ ደግሞ እንደ ቀብር አለብን ይባላል?»

ነገረቻት። ስልኩን፣ ዳሩን፣ ልጅቷን ከፍ አድርጎ ማቀፉን። ጠብታ መቁጠሯን ሳታቆም አዳመጠቻትና፣ ስትጨርስ ብርጭቆውን ብርሃን ላይ ይዛ ቀለሙን እያየች «እኔ ልጅ እንጂ መጋረጃ አልወለድኩም በያቸዋ» አለች። ምራቲቱ ሳቀች። ሳቁ እስከ አምስተኛው ጠርሙስ ድረስ አቆያት። ከዚያ በኋላ ሳቁ አለቀና ስልኩ ብቻ ቀረ። ከዳር አቁምልኝ። ምስማሮቹን አስታወሰች፤ ነገ ይነቀሉ ቢባል አይነቀሉም። የምትሰቀለው እዚያ ነው፤ ልጇ አድጋ ቀና ስትል የምታያት እናት ከዳር የቆመች፣ ፊት የሌላት ሴት ናት። ይህን ያህል ብቻ ነበር የፈለገችው፦ ልጇ ቀና ስትል ፊቷን እንድታይ።

ቤት የደረሰችው ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ውሃ የለም፤ የሰፈሩ ተራ ትናንት ነበር። በርሜሉ ደግሞ ባዶውን ቆሟል፤ እትዬ ዳይሬክተር ለፎቶው ጸጉራቸውን ሲታጠቡ አራግፈውታል። ባሏ ወንበር ሊከራይ ወጥቷል። ሒሳቧ ጸጉር ቤት ናት። ልጅቷ ሶፋው ላይ፣ በሁለት ትራስ መሃል ተኝታለች። ምራቲቱ ልብሷን ልትለውጥ ክፍሏ ስትገባ ቁም ሣጥኑ ሥር አንድ ወንበር ቆሞ አገኘች። መቀመጫው በጫማ እንዳይቆሽሽ ጋዜጣ ተነጥፎበታል። ሻንጣው ወደ ፊት ተስቧል።

ጋዜጣውን ስታይ ማን እንደወጣበት አወቀች። በዚህ ቤት ሲሰርቅ እንኳ ጋዜጣ የሚያነጥፍ አንድ ሰው ብቻ ነው። ለምን እንደሆነም ወዲያው ገባት። እትዬ ዳይሬክተር ሠላሳ አንድ ዓመት ተማሪ ሲፈትሹ ኖረዋል፤ ከዴስክ ሥር፣ ከካልሲ ውስጥ፣ ከደብተር ሽፋን ጀርባ ያወጡት ነገር ሁሉ ባለቤቱ ለራሱ ብቻ ያስቀረው ጥሩ ነገር ነበር። አይነካ የሚል ጽሑፍ ለእሳቸው ማስጠንቀቂያ አይደለም፤ አድራሻ ነው። ጠርሙሱን የተደበቀባቸው ትልቁ መድኃኒት አደረጉት፣ ትንሿን ጠርሙስ ደግሞ ማታለያ። በዚያ ላይ የእሳቸውም ጆሮ ግንድ አጠገብ አምስት ስድስት ጥቋቁር ነጠብጣቦች አሉ፤ የዕድሜ ናቸው፤ የሉም ተብለው ስለኖሩ ስም የላቸውም።

የመታጠቢያ ቤቱ በር ተዘግቷል። ከውስጥ የሒሳቧ ድምፅ በስልኩ ስፒከር ይሰማል፤ ከኋላዋ የጸጉር ማድረቂያ ይጮኻል።

«ምን ይሰማሻል እማዬ?»

«ያቃጥላል። በጣም ያቃጥላል።»

«እየሠራ ነው ማለት ነው! ትንሽ ታገሺው።»

«ሃያ ደቂቃ ልቆይ?»

«ቻይው እስቲ፤ ሰባ እኮ ነው!»

ምራቲቱ እጇን የበሩ እጀታ ላይ አድርጋ ቆመች። ሦስት ትንፋሽ ያህል ነው የቆመችው። በአንደኛው ምንም አላሰበችም። በሁለተኛው ከዳር አቁምልኝ የሚለውን ድምፅ ሰማች፤ በዚሁ በር ውስጥ ባለው ድምፅ። በሦስተኛው፣ ገና ምንም አላየሁም፣ ገና ከሥራ እየገባሁ ነው የሚል ሐሳብ መጣላት፤ ንጹሕ፣ ማንም የማያገኝባት ሐሳብ። የኋላ ኋላ ስለ እነዚያ ሦስት ትንፋሾች ማንም አልጠየቃትም፤ እሷም ለማንም አልነገረችም። እጀታውን ተጫነችው።

እትዬ ዳይሬክተር መስተዋቱ ፊት ቆመዋል፤ ፎጣ አንገታቸው ላይ፣ የእጅ ሰዓታቸው ሳሙና ማስቀመጫው ላይ። ፊታቸው ከግንባራቸው እስከ አገጫቸው ቀልቷል። ጉንጫቸውና ጆሮ ግንዳቸው አጠገብ ግን ቀዩ ወደ ነጭ ተለውጦ፣ የቀዘቀዘ ወተት ላይ እንደሚጋገረው ስስ ነገር መጨማደድ ጀምሯል።

«ማን ግቢ አለሽ? ገና ስምንት ደቂቃ ነው!»

«ዓይንዎን ይጨፍኑ።»

«ተይኝ ብዬሻለሁ—»

«ይጨፍኑ አልኩ!»

ስድስት ዓመት ሙሉ በዚያ ቤት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አታውቅም። እትዬ ዳይሬክተር ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ እጃቸውን ጎናቸው ላይ አጣብቀው፣ ልክ እንደ ተማሪ። ቤቱ ውስጥ የነበረው ውሃ ለልጅቷ ገላ የተቀመጠው አንድ ጀሪካን ብቻ ነበር። አንገታቸውን መታጠቢያው ላይ አስደፍታ በጣሳ እየቀዳች አፈሰሰችባቸው፤ ቶሎ ቶሎ ሳይሆን በሥርዓት፣ ከግንባር ወደ ታች፣ ዓይን ውስጥ እንዳይገባ እየጠበቀች። ከጃኬቷ ኪስ የአሲድ መለኪያ ወረቀቱን አወጣች፤ ሥራ ቦታ ኪሷ ውስጥ የምትረሳት ትንሽ ጥራዝ ናት። አንዷን ቀደደችና ጉንጫቸው ላይ ለጠፈቻት። ቀይ። አፈሰሰች። ብርቱካንማ። አፈሰሰች። ቢጫ። ጀሪካኑ ሊያልቅ ሲል ወረቀቱ የቧንቧ ውሃ አረንጓዴ ሆነ። አሥራ ሰባተኛው ናሙና ነው አለች በልቧ፤ አልሳቀችም።

«ሐኪም ቤት እንሂድ።»

«ከፎቶው በኋላ» አሉ እትዬ ዳይሬክተር፣ ከንፈራቸውን እምብዛም ሳያንቀሳቅሱ።

ሒሳቧ በአዲስ ጸጉር ስትገባ እናቷ ሳሎን ተቀምጠዋል፤ ፊታቸው ቫዝሊን ተቀብቶ ያብረቀርቃል። ባሏም ሁለት ወንበር በሁለት እጁ ይዞ ከኋላዋ ገባ። ሒሳቧ እናቷን አየች፤ ምራቲቱን አየች።

«ምን አደረግሻት?»

«እኔ?» አለች ምራቲቱ። «ስልኩ ላይ ቻይው ያልሽው ማን ነው?»

«እኔ ምን ላውቅ! ኬሚስቷ አንቺ ነሽ! ይህን የመሰለ መርዝ ሰው እጅ በሚገባበት ታስቀምጫለሽ?»

«ቁም ሣጥን ላይ፣ ከሻንጣ ጀርባ፣ አይነካ ብዬ ጽፌበት ነው ያስቀመጥኩት። ያመጣሽውስ አንቺ አይደለሽ?» ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ፣ ከምስጋና ወረቀቱ አጠገብ አኖረችው። «ሰባ ከመቶ ማለት ከመቶው እጅ ሰባው አሲድ ነው ማለት ነው። ፈተና አይደለም፤ ከፍ ያለው አያልፍም። አንቺ ይህን ታስተምሪያለሽ።»

ባሏ ወንበሮቹን ሳያስቀምጥ የጫማውን ጫፍ ያያል። ሒሳቧ ጸጉሯን ነካ ነካ ታደርጋለች። እትዬ ዳይሬክተር አንድ ዓረፍተ ነገር ቢናገሩ ያልቅ ነበር፦ ወንበር ላይ ወጥቼ ያወረድኩት ራሴ ነኝ። ይህን የመሰለ ቃል ሠላሳ አንድ ዓመት ከተማሪ ሲጠብቁ ኖረዋል፤ አጥፍቶ እውነቱን የተናገረ ልጅ አይቀጣም ሲሉ። ሁለቱን ምስማሮች እያዩ ተቀመጡ። ምራቲቱም ባሏን አየችው፤ አንድ ነገር ይል እንደሆነ። ባሏ ወንበሮቹን አስቀመጠና «የት ይሁኑ?» አለ።

ፎቶ አንሺው በሰዓቱ መጣ። ነጭ ጃንጥላውንና መብራቱን ተከለ፤ መሃረቡን አውጥቶ ግንባሩን ጠረገ፤ በስልክ የታዘዘውን እያስታወሰ ፊቶቹን አንድ በአንድ ሲያይ ዓይኖቹ እትዬ ዳይሬክተር ላይ ሲደርሱ ተሰናከሉ። መደበቅ ያለበት ፊት የትኛው እንደሆነ ጠፋው።

«እህ… ልጅቷን የሚያቅፉት… ከዳር የሚቆሙት የትኛዋ ናቸው?»

እትዬ ዳይሬክተር እጃቸውን ዘረጉ። «ልጅቷን ለእኔ ስጪኝ» አሉ።

ምራቲቱ ሰጠቻቸው። እውነትም ሰጠቻቸው። ልጅቷ ገና አሥር ወሯ ነው፤ ያንን ቀይ የሚያብረቀርቅ ፊት ከቅርብ አየችና መጀመሪያ አፏን ከፍታ ዝም አለች፤ ከዚያ ቤቱን በጩኸት ቀደደችው። ለሒሳቧ ተሰጠች፤ ባሰባት። አባቷ ተቀበላት፤ አላቆመችም። እናቷ እቅፍ ስትመለስ አንገቷ ሥር ገብታ ዝም አለች። ፎቶ አንሺው መብራቱ እየሞቀበት ነው። «እንግዲህ እናትየው መሃል ይቀመጡ፤ ልጅ የሚረጋበት ቦታ ነው መሃል» አለና ወንበሩን ራሱ ጎተተላት። ምራቲቱ ተቀመጠች። ልጅቷን ጭኗ ላይ ዝቅ አደረገቻት፤ አገጯ ከልጅቷ አናት በላይ ሙሉ በሙሉ ወጣ። ጠብታን አሰበቻት።

እትዬ ዳይሬክተር የምስጋና ወረቀቱን ጭናቸው ላይ ሊይዙ ነበር የታሰበው። ፎቶ አንሺው አንድ ሲል ደረታቸው ላይ ነበር። ሁለት ሲል አገጫቸው ደረሰ።

«ትንሽ ዝቅ ያድርጉት እትዬ፤ ፊትዎን ጋረደው።»

«አንሣ ብዬሃለሁ!»

አነሣ። በካሜራው መስኮት ያሳያቸው ጊዜ ከወርቃማው ፍሬም በላይ የሚታየው ታጥቦ የተበጠረ ነጭ ጸጉር ብቻ ነበር፤ ከሥሩ ለረጅም ዘመን አርአያነታቸው የሚል ጽሑፍ። ፎቶ አንሺው ወደ ምራቲቱ ጎንበስ ብሎ «የእርስዎን ማዲያት ኮምፒውተር ላይ ጥርት አደርገዋለሁ፣ አይጨነቁ» አላት።

«አትንካው» አለችው። «አምስት ሳምንት የደከምኩበት ነው።»

ባሏ እናቱን ሐኪም ቤት ወስዶ ሳይመሽ መለሳቸው። ምራቲቱ ክፍሏ ውስጥ ልጅቷን አስተኝታ፣ ቁም ሣጥኑ ሥር የቀረውን ጋዜጣ አጣጥፋ ስትጨርስ በሩ ተንኳኳ። በዚያ ቤት የእሷ በር ተንኳኩቶ አያውቅም፤ ይከፈታል እንጂ። እትዬ ዳይሬክተር ጉንጫቸው ላይ ሁለት ነጭ ፋሻ ተለጥፎ፣ የቅባት ቱቦ በእጃቸው ይዘው ደፉ ላይ ቆመዋል። ወደ ውስጥ አልገቡም። ቁም ሣጥኑን አላዩም።

«ያቺ… ትንሿ» አሉ። «ሰባቷ።»

«አሁን አይሆንም። ቁስል ላይ አይደረግም። መጀመሪያ ይዳን።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ሦስት ወር።»

«ሦስት ወር» አሉ እትዬ ዳይሬክተር፤ በዚህ ጊዜ ስለ ትምህርት ቤቱ አላነሡም። መናገር የሚፈልጉት ነገር ያለ ይመስል ቱቦውን በእጃቸው አዟዟሩ። ምራቲቱ ጠበቀች። ሙሉውን ቃል አልጠበቀችም፤ ሰባት ከመቶው ይበቃት ነበር።

«ሐኪሙ ሊጠቁር ይችላል አለ» አሉ በመጨረሻ። «ይጠቁራል እንዴ?»

«ፀሐይ ካገኘው ይጠቁራል።»

እትዬ ዳይሬክተር ቀና ብለው አዩዋት። ጉንጮቿን፣ ከዚያ ከከንፈሯ በላይ ያለውን፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ቸኩለው ሳይሆን በደንብ።

«እንዳንቺ?» አሉ።

«እንደኔ» አለች ምራቲቱ፤ በሩንም ቀስ አድርጋ፣ ልጅቷ እንዳትነቃ ተጠንቅቃ፣ እስኪገጥም ድረስ ዘጋችው።